ከማርገዝ በፊት የሚነበብ ቁጥር

(በመካነ ሰላም አካባቢ በአንድ የጎልማሶች ማስተማሪያ ጣቢያ ለተማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር)



ከብቱን ለልጅ፣ ቤቱን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ንግግሬ ስለ እርግዝናና ስለ ደም ስኳር ነው። ገና ስጀምር ከኋላ በኩል የሚሳሳቁ አያለሁ። እውነታችሁን ነው። ወንድ ልጅ ነኝ፤ ያውም ያላገባሁ። የምማረውም ሒሳብ እንጂ ሕክምና አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ታዝዤ ወደዚህ የመጣሁት ፊደልና ቁጥር ላስተምር ነው። ታዲያ ይህ ዘማች ስለ እርግዝና ምን አገባው ብትሉ አይፈረድባችሁም። እኔን ያገባኝ አንድ ቁጥር ነው። የቁጥሩን ታሪክ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ቁጥር ማንበብ በጨረስንበት ሳምንት ነው። ተማሪዎቼን፣ "ቤታችሁ ቁጥር ያለበት ወረቀት ካለ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነባለን" አልኋቸው። የግብር ደረሰኝ ያመጣ አለ። የማዳበሪያ ደረሰኝ ያመጣ አለ። የልጅ ክትባት ካርድ ያመጡ እናቶችም ነበሩ። አንዲት እህታችን ግን ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያቆየችውን አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ፈታች። ስሟን አልጠራም፤ ቀበሌዋንም አልናገርም። ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት መሐሉ ሊበጠስ ደርሷል። "እስቲ እኔው ላንብበው" አለች። ጣቷን እያስከተለች፣ "አንድ፣ አራት፣ ስምንት። መቶ አርባ ስምንት!" አለች። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ።

ከቁጥሩ ፊት በፈረንጅ ፊደል የተጻፉ ሦስት ፊደሎች ነበሩ። ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ትርጉማቸውን ግን አላውቅም ነበር። "ምን ማለት ነው?" ብትለኝ፣ "የላብራቶሪ ውጤት ነው" ብዬ አለፍሁት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በማግሥቱ ወረቀቱን ተውሼ ወደ አንዲት አዋላጅ ነርስ ሄድሁ። ወረቀቱን አይታ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም፣ "ይህ በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር ነው። መቶ አርባ ስምንት ብዙ ነው። መቼ ነው የተለካው?" ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቱ የተጻፈው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር።

ያች እህታችን ወረቀቱን የተቀበለችው ሌላ ሕመም ታማ ሩቅ ወደሚገኝ አንድ ጤና ተቋም በሄደች ጊዜ ነው። በዕለቱ ሰው በዝቶ ነበር። ወረቀቱን ሰጧትና "ለሐኪሙ አሳዪ" አሏት። ሐኪሙ ወጥቷል ተባለ። እየመሸ ሄደ፤ መኪናው ሊያመልጣት ሆነ። ይዛው ተመለሰች። በቤቷ የሚያነብላት ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አረገዘች። የመጀመሪያው በሦስተኛው ወር ወረዳት። ሁለተኛው በስምንተኛው ወር መንቀሳቀሱን አቆመና ሞቶ ተወለደ። ትልቅ ልጅ ነበር አሉ። ጎረቤት "ሾተላይ አለባት" አለ። ከባሏ ወገን "ሌላ ያግባ እንጂ" የሚልም ተነሥቶ ነበር። መልሱ ምናልባት ያን ሁሉ ጊዜ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ኖሯል።

"ምናልባት" ያልሁት ሆን ብዬ ነው። ሞቶ የሚወለድ ልጅ ሁሉ በስኳር ምክንያት አይሞትም። የእርግዝና የደም ግፊት አለ። ኢንፌክሽን አለ። የእናትና የልጅ ደም ዓይነት አለመስማማት አለ። የምጥ መራዘም አለ። ሐኪሞችም ምክንያቱን ሳያገኙት የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ሾተላይን በመሣሪያ የሚለካ የለም። ስኳር ግን ይለካል። የተለካ ነገር ደግሞ ይታወቃል፤ የታወቀም ነገር መላ ይበጅለታል። እንግዲህ የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ አንዲት ሴት ልጅ ለመውለድ ስታስብ፣ ከማርገዟ በፊት የደም ስኳሯን ታስለካ፤ ቁጥሩንም ራሷ ታንብበው።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። የደም ስኳር ምንድን ነው? ስኳር ስንል ሻይ ውስጥ የሚጨመረውን ብቻ ማለታችን አይደለም። እንጀራው፣ ቂጣው፣ ገንፎው፣ በሶው፣ ድንቹ ሁሉ ሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ስኳር እየሆነ ወደ ደም ይገባል። ይህ ክፉ ነገር አይደለም። አርሰን፣ አጭደን፣ ውሃ ቀድተን የምንውለው በእርሱ ኃይል ነው። ከጨጓራ በስተኋላ ቆሽት የሚባል አካል አለ። ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። የኢንሱሊን ሥራ ስኳሩን ከደም አውጥቶ ወደ ሥጋችን እንዲገባ ማድረግ ነው።

መስኖ የምታጠጡ ሰዎች ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ወንዙ ሞልቶ ሳለ ቦዩ በደለል ከተደፈነ ምን ይሆናል? ውሃው ከላይ ይጠራቀማል፤ ማሳው ግን ይደርቃል። ኢንሱሊን ቦዩን እንደሚጠርግ ሰው ነው። ጠራጊው ሲያንስ፣ ወይም ደለሉ ሲበረታበት፣ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሥጋችን ግን ይራባል። የስኳር በሽታ የሚባለው ይህ ነው። ከዚህ የተነሣ ሰውየው ውሃ ውሃ ይለዋል፤ ሽንት ይመላለስበታል፤ እየበላ ይከሳል፤ ይደክመዋል፤ ዓይኑ ይደበዝዛል። ሽንቱ ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ ያዩ አሉ፤ የጥንት የሕንድ ሐኪሞችም ይህንኑ ምልክት ጽፈው ትተዋል። ሆኖም ጉንዳን እስኪመጣ አንጠብቅ። ብዙ ሰው አንድም ምልክት ሳያይ ለዓመታት ስኳር ይዞ ይኖራል። ያች እህታችንም ድካሟን የሥራ ብዛት ያመጣው ነው እያለች ታልፈው ነበር።

በእርግዝና ጊዜስ ምን ይሆናል? እንግዴ ልጁ ራሱ ሆርሞኖች ያመነጫል። እነዚህ ሆርሞኖች የእናቲቱ ኢንሱሊን እንደልቡ እንዳይሠራ ያደርጉታል። ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ምግቡ ሁሉ በእናት ሥጋ ተበልቶ እንዳያልቅና ለልጅ እንዲተርፍ ነው። እርግዝናው ከተጋመሰ በኋላ ይህ ጫና እየበረታ ይሄዳል። ጤነኛ ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን እያመነጨ ይቋቋመዋል። ደካማ ቆሽት ግን ያቅተዋል። በሬ ሜዳ ላይ ሲያርስ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ድካሙ የሚታየው ዳገት ላይ ነው። እርግዝና ለቆሽት ዳገት ነው። ከእርግዝና በፊት ስኳሯ በመጠኑም ቢሆን ከፍ ያለ ሴት፣ በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳር የመያዟ ዕድል ከሌሎቹ የበዛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም በሬውን ዳገት ከመውጣቱ በፊት ማየት ይበጃል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ።

አንደኛው፣ ሴትዮዋ ከማርገዟ በፊት የነበረ የስኳር በሽታ ነው። አውቃው ይሆናል፤ ሳታውቀውም ይሆናል። ይህ እጅግ የሚያሰጋው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። የልጁ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቦይ ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ልብና ሌሎችም ዋና ዋና አካላት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቅርጻቸውን ይይዛሉ። በዚህ ጊዜ የእናቲቱ ስኳር በጣም ከፍ ካለ ፅንሱ ሊወርድ ይችላል፤ ልቡ ወይም ኅብለ ሰረሰሩ ጎድሎ ሊሠራም ይችላል። አሁን ልጠይቃችሁ። በአገራችን ሴት ልጅ ማርገዟን መቼ ነው የምትናገረው? ሆዷ ሳይገፋ ማን ይናገራል! ዓይን ይፈራል፤ ሰው ይፈራል። ጤና ጣቢያ የምትሄደው በአራተኛው፣ በአምስተኛው ወር ነው። ያኔ የልጁ ልብ ተሠርቶ አልቋል። ምርመራው ከእርግዝና በፊት ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ የእርግዝና ስኳር የሚባለው ነው። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ፣ ዳገቱ ሲበረታ ይመጣል። ስለዚህ የዓለም ሐኪሞች ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ማለትም በስድስተኛውና በሰባተኛው ወር ገደማ፣ ይመረምሩታል። በዚህ ጊዜ የልጁ አካላት ተሠርተው ስላለቁ ጉዳቱ ሌላ ነው። የእናት ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ልጁ ያልፋል፤ የእናት ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ልጁ የመጣለትን ስኳር በራሱ ትንሽ ቆሽት ለመቋቋም ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል። ይህም ከልክ በላይ ያሳድገዋል፤ ያወፍረዋል።

እኛ ወፍራም ልጅ ሲወለድ ደስ ይለናል። አራት ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ልጅ ግን ሲወለድ ራሱ ወጥቶ ትከሻው ሊያዝ ይችላል። ክንዱ ይጎዳል፤ ይታፈናል፤ እናቲቱም ትተረተራለች፤ ደም ይፈስሳታል። የእርግዝና ስኳር ያለባት እናት የደም ግፊት የመያዟ ነገርም ይበዛል። ልጁ ከተወለደ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እትብቱ ሲቆረጥ ከእናት ይመጣ የነበረው ስኳር በአንድ ጊዜ ይቋረጣል፤ የልጁ ቆሽት ግን ኢንሱሊን ማመንጨቱን ወዲያው አያቆምም። ስለዚህ የልጁ ስኳር ይወርዳል፤ ሊደክም፣ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መጥባት አለበት። እንገሩ አይታለብ፤ ቅቤም አይዋጥ።

"ይህ የሀብታም በሽታ ነው፤ እኛን ምን ያገኘናል?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። መጻሕፍት ሳገላብጥ ግን ያገኘሁት ሌላ ነው። በትግራይ ገጠር በ890 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። እንደናንተው ያሉ የገጠር እናቶች ናቸው። ከመቶው 3.7 የሚሆኑት የእርግዝና ስኳር ተገኝቶባቸዋል። በጎንደር ከተማ ደግሞ በ1,027 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። እዚያ የተገኘው ከመቶ 12.8 ነው። የሒሳብ ተማሪ ነኝና አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ሁለቱ ጥናቶች የተለኩበት መስፈርት አንድ አይደለም። አዲሱ መስፈርት ዝቅ ያለውንም ስኳር ይይዛል። ስለዚህ "በሃያ ዓመት ይህን ያህል ጨመረ" ማለት አንችልም። ማለት የምንችለው ይህን ነው፦ በጎንደሩ ቁጥር ከስምንት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ማለት ነው። በዚህ ክፍል ያሉትን እህቶች በስምንት አካፍሉና ስንት እንደሚደርስ በልባችሁ አስሉ።

ደግሞም ስኳር ወፍራሙን ብቻ አይፈልግም። በጎንደር ገጠር የሠሩ ሐኪሞች ድሆችና ከሲታ የሆኑ፣ ኢንሱሊን ካልተወጉ የማይድኑ ብዙ ገበሬዎችን አግኝተው ጽፈዋል። በምግብ እጥረት ሳቢያ የሚመጣውን እንዲህ ያለ ስኳር፣ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 አምስተኛው ዓይነት ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። በሆላንድ አገርም እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ታላቅ ረሃብ ሆኖ ነበር። በዚያ ረሃብ ጊዜ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ልጆች ሃምሳ ዓመት ሲሆናቸው ቢመረመሩ፣ ሰውነታቸው ስኳርን የመቋቋም አቅሙ ከሌሎች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወሎ ረሃብን ከማንም በላይ ያውቃል። የ1966ን እና የ1977ን ነገር ለእናንተ እኔ አልነግራችሁም። ስለዚህ "እኔ ከሲታ ነኝ፤ ስኳር አይነካኝም" አትበሉ።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። በሰሌዳው ላይ የምጽፋቸውን ቁጥሮች ጻፉ። እነዚህ ቁጥሮች እርጉዝ ላልሆነ ሰው፣ ማታ በልቶ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ሳይበላ አድሮ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ለሚለካ ስኳር ናቸው።

ከ100 በታች፦ ደህና ነው።

ከ100 እስከ 125፦ ማስጠንቀቂያ ነው። (የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያውን ከ110 ይጀምራል።)

126 እና ከዚያ በላይ፦ በሌላ ቀን ተደግሞ ተለክቶ ያው ከሆነ የስኳር በሽታ ነው።

ለነፍሰ ጡር ግን መለኪያው ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መስፈርት፣ በባዶ ሆድ 92 ከደረሰ የእርግዝና ስኳር ይባላል። በባዶ ሆድ ደህና የሆነችውም 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦ ትጠጣና እንደገና ትለካለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ከደረሰ ያው ነው። በነፍሰ ጡር ላይም ቢሆን በባዶ ሆድ 126 ከደረሰ የእርግዝና ስኳር ብቻ ሳይሆን እውነተኛው የስኳር በሽታ ነው ይባላል።

"92 ለምን? 91 ደህና ሆኖ 92 እንዴት በሽታ ይሆናል?" ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ካለ ጎበዝ ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በዘጠኝ አገሮች ከ23,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሎ ነበር። ያገኘውም፣ የእናት ስኳር ከፍ ባለ ቁጥር የልጁ መወፈርና የወሊዱ ችግር ቀስ በቀስ አብሮ እንደሚጨምር ነው። እንደ ድንበር ድንጋይ "እስከዚህ ሰላም፣ ከዚህ ወዲያ ጦርነት" የሚባል ቦታ አልተገኘም። ቁጥሩን የወሰኑት ሐኪሞች ተማክረው ነው። ስለዚህ 90 የሆነችው አትዘናጋ፤ 95 የሆነችውም አትደንግጥ።

ማን ይቅደም? ሁሉም ቢለካ መልካም ነው። መለኪያው ወይም ጊዜው ካነሰ ግን እነዚህ ይቅደሙ። አንደኛ፣ እናቷ፣ አባቷ፣ ወንድሟ ወይም እህቷ ስኳር ያለበት። ሁለተኛ፣ አራት ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ የሚመዝን ልጅ የወለደች። ሦስተኛ፣ ልጅ ሞቶ የተወለደባት ወይም ፅንስ የሚወርድባት። አራተኛ፣ ባለፈው እርግዝናዋ ስኳር ታይቶባት የነበረች። አምስተኛ፣ ዕድሜዋ ሠላሳውን ያለፈ። ስድስተኛ፣ የወፈረች ወይም የደም ግፊት ያለባት። እንግዲህ ሦስተኛውን ልብ በሉ። "ሾተላይ አለባት" ተብላ የምትገፋው ሴት ወደ ጓዳ ሳይሆን ወደ ምርመራ መቅደም የሚገባት ናት።

መቼ ትሂድ? መንገዱን አውቃለሁ። ከአባይ በረሃ በኩል ዳገት ወጥቶ፣ ወይም ከሳይንት ብርድ ወርዶ መካነ ሰላም መድረስ ቀላል አይደለም፤ ደሴማ ሌላ አገር ነው። ለስኳር ብቻ ብላችሁ ሥራ ፈታችሁ ሂዱ አልልም። ብዙዎቻችሁ የሦስት ወሩን መርፌ ትወጋላችሁ፤ በክንዳችሁ የሚቀበረውንም ያስቀበራችሁ አላችሁ። እንግዲህ "አሁንስ ልጅ ልውለድ" ብላችሁ መርፌውን ልታቆሙ፣ ወይም የተቀበረውን ልታስወጡ ስትሄዱ፣ ያን ቀን ቁርስ ሳትበሉ ሂዱና "ስኳሬንም ለኩልኝ" በሉ። ጤና ኬላው መለኪያ ከሌለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል እንድትልካችሁ ጠይቋት። ምርመራው ጣት ተወግታ በምትወጣ አንዲት ጠብታ ደም ነው፤ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል። ቁጥሩን አንብባችሁ ጻፉት። "ምን ማለት ነው?" ሳትሉ ከዚያ ቤት አትውጡ።

ቁጥሩ ከ100 በታች ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ያም ሆኖ በእርግዝናው ስድስተኛ ወር ገደማ እንደገና ተለኩ፤ ዳገቱ ገና ነውና።

ቁጥሩ በማስጠንቀቂያው ውስጥ ከሆነ ከእርግዝናው በፊት መላ ምቱ። ለስላሳ መጠጥ፣ ማር፣ ብርዝ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይቅር ወይም ይቀነስ። የእኛ ደጋ በዚህ ነገር ዕድለኛ ነው፤ ባቄላው፣ አተሩ፣ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑ አለ። እንጀራው ቀነስ፣ ሽሮውና ጎመኑ በዛ ይበል። ገብሱ ከነገለባው በቆሎ መልክ ቢበላ ከነጭ ዱቄት ዳቦ ይሻላል፤ ስኳሩን ቀስ እያለ ይሰጣልና። የወፈረች ሴት ከክብደቷ ጥቂት ብትቀንስ ብዙ ታተርፋለች። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ ስኳራቸው ማስጠንቀቂያ ላይ የነበረ ወፈር ያሉ ሰዎች ከክብደታቸው ከመቶ ሰባት ያህል እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ቢደረግ፣ ወደ ስኳር በሽታ የሚያልፉት ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል። የከሳች ሴት ግን ምግብ አትቀንስ። ለእርሷ የሚያስፈልገው የተመጣጠነ ምግብና የሐኪም ክትትል ነው።

ቁጥሩ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተረጋገጠ፣ እርግዝናው ትንሽ ይቆይ። የወሊድ መከላከያው ስኳሩ እስኪስተካከል አይቋረጥ። ሆስፒታል ላይ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳይ ሌላ የደም ምርመራ አለ፤ እርሱ ከመቶ 6.5 በታች ሲሆን ማርገዙ ይመረጣል። ቢያንስ ከአንድ ወር አስቀድሞ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ኪኒን ይጀመር፤ የልጁን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ይጠብቃል። ይህ ኪኒን ስኳር ለሌለባትም እናት ያስፈልጋል። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድም ለሐኪሟ "ማርገዝ አስባለሁ" ትበል፤ ለፅንስ የማይስማሙ አሉና ይቀየርላታል። መድኃኒት ግን በራሷ አታቋርጥ።

ኢንሱሊን የታዘዘላት ሴት "መርፌው ልጄን ይጎዳል" ብላ እንዳትፈራ። ኢንሱሊን ወደ ልጁ እንደማያልፍ ነግሬያችኋለሁ። የሰው ልጅ በኢንሱሊን መታከም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1922 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ነው። ከዚያ በፊት ስኳር ያለባት ሴት ማርገዟም ብርቅ ነበር፤ ብታረግዝም ብዙ ጊዜ እናትም ልጅም ይሞቱ ነበር። ዛሬ ስኳሯን ተቆጣጥራ ጤነኛ ልጅ የምትወልድ እናት ብዙ ናት። ጾምን በሚመለከት፣ መድኃኒት የምትወስድ ነፍሰ ጡር ስኳሯ ሊወድቅባት ስለሚችል በራሷ አትወስን። ክርስቲያኗ የነፍስ አባቷን፣ ሙስሊሟ ሸኋን ትጠይቅ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለነፍሰ ጡር ይራራሉ፤ ሐኪሙንም ከምክሩ አይለዩት።

ከወሊድ በኋላስ? የእርግዝና ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ከእንግዴ ልጁ ጋር አብሮ ይወጣል። "ዳንሁ" ብሎ መርሳት ግን ስሕተት ነው። አንድ ጊዜ የእርግዝና ስኳር የታየባት ሴት ወደፊት የስኳር በሽታ የሚይዛት ካልታየባት ሴት በሰባት እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ በላይ እንደሆነ ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ትለካ። ይህ እንዳይረሳችሁ እንዲህ ያዙት፦ በወንድ ልጅ ክርስትናና በሴት ልጅ ክርስትና መካከል፣ ከአርባው ቀን እስከ ሰማንያው ቀን ገደማ ነው። ልጁም በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ክትባት አለው። ልጁን ስታስከትቡ እናንተም ጣታችሁን ስጡ። ከዚያ በኋላም በየአንድ ወይም በየሦስት ዓመቱ መለካት ነው። ያ ቁጥር ደግሞ ለቀጣዩ ልጅ "ከእርግዝና በፊት" የሚባለው ቁጥር ይሆናል።

አባቶቼና ወንድሞቼ፣ እስካሁን ዝም ብላችሁ አዳመጣችሁ። ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። ልጅ ሲሞት ሴትዮዋን መክሰስ ቀላል ነው፤ አብሮ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው ከባዱ። ያች እህታችን ወረቀቷን ካነበበች በኋላ ባሏን ይዛው ሄደች። በሁለት የተለያየ ቀን ተለካች፤ ስኳር መሆኑ ተረጋገጠ። መድኃኒት ጀመረች። የወሊድ መከላከያ ወሰደች። ባሏ ሻዩን ያለ ስኳር አብሯት ይጠጣል። "ሌላ ያግባ" ያሉት ዘመዶቹ ቤት መጥተው ሲጠይቁ፣ "ሕመሙ ተገኝቷል፤ ስሙም ሾተላይ አይደለም" ብሎ እንደመለሰላቸው ነገረችኝ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ወረቀት ይዛ ወደ ክፍል መጣች። ይኸኛው በነጠላ ጫፍ አልተቋጠረም፤ ደብተሯ ውስጥ ነበር። ተነሥታ አነበበችው፤ "መቶ አሥራ ሁለት" አለች። ክፍሉ ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ። እርሷ ግን በሰሌዳው ላይ የጻፍናቸውን ቁጥሮች አየችና፣ "ቆዩ፣ ገና ነው። ትንሽ ይቀረናል" አለች።

እኔ የመቶ አርባ ስምንቱ ዕለት ሳላውቅ አጨበጨብሁ። የመቶ አሥራ ሁለቱ ዕለት ግን እርሷ አስተማረችኝ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሴት ልጅ ስኳሯን ከማርገዟ በፊት ማስለካት ያለባት ለምንድን ነው? ሆዷ እስኪገፋ ብትጠብቅ ምን ይቀርባታል?

2. በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 95፣ 118፣ 131 ቢሆን እያንዳንዱ ምን ማለት ነው? 95 የተገኘው በነፍሰ ጡር ላይ ቢሆንስ?

3. በአካባቢያችሁ ልጅ የሞተባትን እናት ሰው ምን ይላታል? ምን ቢላትና ምን ቢያደርግላት ይሻላል?

4. በቤታችሁ ያለውን የጤና ካርድ ወይም የላብራቶሪ ወረቀት አምጥታችሁ ቁጥሮቹን አንብቡ። ትርጉሙን የማታውቁትን ጽፋችሁ የጤና ባለሙያ ጠይቁ።